ጋሽ ክንፉ፣ የአረማመድ ፕሮፌሰር

ሐበሻ በተሰበሰበበት አገር ሁሉ፣ ያልሆነውን የሚያስተምር አንድ ሰው አይጠፋም። ሦስት ሚስት ፈትቶ ስለ ትዳር የሚመክር ታውቃላችሁ። መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ፣ ከጎናችሁ ተቀምጦ «ፍሬን! ፍሬን!» የሚል ታውቃላችሁ። እንግሊዝኛ ሳይችል ለኢንተርቪው የሚያዘጋጃችሁም አለ፤ የሚገርመው ደግሞ ሥራውን ታገኙታላችሁ። የእኛው፣ የካሊፎርኒያው የኦክላንዱ ግን ከሁሉም ይብሳል። የኦክላንዱ ዶክተር ያሰለጥናል።

ክቡር ጋሽ ክንፉ ይባላሉ። ዶክተር አይደሉም፤ ነርስም አይደሉም። አገር ቤት የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እዚህ ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል በሽተኛ በአልጋ ይገፋሉ። ከድንገተኛ ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ አራተኛ ፎቅ፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል። እኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ክለርክ ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ ሐኪሞቹን ፔጅ አደርጋለሁ (በኪስ መጥሪያቸው እጠራለሁ)፣ ቻርት እሰድራለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ወይ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወይ ከባለቤቱ አፍ ሰምቻለሁ። የገባኝ ግን ከግማሹ አይበልጥም፤ ይህን ከወዲሁ ልናዘዝ።

አልጋ የሚገፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጋሽ ክንፉ ሐኪሞችን የሚያውቋቸው በጫማቸው ነው። የፎቃችን ዋና ሐኪም በእሳቸው ቋንቋ «ቡናማ ጫማ» ነው። የአጥንቱ «ነጭ ስኒከር»፣ የኩላሊቱ «ተረከዙ የተበላው» ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን ብትጠይቋቸው አንዱንም አያውቁም።

«አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ፣ አንቺ ውባየሁ» ይሉኛል፣ ክርናቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፈው። «ሐኪምነት ግማሹ መጽሐፍ ነው፣ ግማሹ አረማመድ ነው። መጽሐፉን ዩኒቨርሲቲው ያስተምር። አረማመዱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

የትምህርት ቤታቸው ግቢ ሳን ሆዜ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ነው። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ፣ ምእመናን ኬክና ሻይ ይዘው ሲያወሩ፣ ጋሽ ክንፉ አንዱን የሕክምና ተማሪ ክንዱን ይዘው ከመኪኖቹ ኋላ ይወስዱታል። እኔና መሰሎቼ በመስኮት እያየን እንስቃለን። አልዋሽም፣ ብዙ ስቄባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ያሰለጠኑት ሚክያስን ነው። ሚክያስ የሳኒቬል ልጅ ነው፤ አባቱ ኢንጂነር፣ እናቱ ፋርማሲስት፣ እሱ ደግሞ ሰው ሲያየው ጆሮው የሚቀላ ዓይን አፋር። ጋሽ ክንፉ በሦስት እሁድ አበቁት። አንደኛ፣ ዶክተር አይሮጥም፤ የሚሮጡት ሌሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ አንድ እጅ ሁልጊዜ ኪስ ውስጥ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሰው ሲናገር እሺ እሺ እያሉ ራስ አይነቀነቅም። አራተኛ፣ መልሱ ሲጠፋ «ሌትስ ሲ»፣ እስቲ እንይ፣ ተብሎ ዝም ይባላል። አምስተኛ፣ ምስጋና በቀን አንዴ ይበቃል።

ሚክያስ ይህን ይዞ አራተኛ ፎቅ መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በ«ሌትስ ሲ» እና በዝምታ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነርሶቹ «ዶክተር» ይሉት ጀመር። ቡናማ ጫማም በእረፍት ሰዓት ታሆ ተራራ ላይ በበረዶ ስለ መንሸራተት ያጫውተው ነበር፤ ሚክያስም ያውቃል፣ ልጅ ሆኖ ይሄድ ነበርና። ጋሽ ክንፉ ከሩቅ አይተው ደረታቸውን ነፉ።

ከሚክያስ ጋር በአንድ ቡድን ያለችው ሩሓማ ናት። ሩሓማን በስምንት ዓመቷ ኤርፖርት ሄደን የተቀበልናት እኛ ነን። እናቷ ወይዘሮ አይናዲስ ሬድውድ ሲቲ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ፤ የሚኖሩት ከጋሽ ክንፉ አፓርትመንት በታች ነው። አይናዲስ ጠዋት ፈረቃ ሲገቡ፣ ልጅቷን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት ጋሽ ክንፉ ነበሩ። አሁን ሦስተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት።

በዚህ ዓመት ተማሪዎቹ በየስምንት ሳምንቱ ከክፍል ክፍል ይዘዋወራሉ። አጋማሽ ላይ አንድ የግምገማ ወረቀት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ የእኛን ፎቅ ወረቀት የሚጽፈው ቡናማ ጫማ ነው። የሩሓማ አጋማሽ ወረቀት «ታታሪ ናት። ደግ ናት። ሐኪም ግን ገና አትመስልም» ይላል። የመጨረሻውም እንዲህ ካለ ስምንቱን ሳምንት ትደግማለች፣ ከጓደኞቿም አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀራለች። አይናዲስ ደግሞ ልጄ በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ትመረቃለች ብለው ለሆቴሉ እንግዶች ሳይቀር ተናግረዋል።

ለምን ሐኪም አልመሰለችም? እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሽማግሌ ጠያቂ ሲገባ ከወንበሯ ትነሳለች። የበሽተኛው ነጠላ ጫማ ከራቀ ጎንበስ ብላ ታቀርብለታለች። ትልቅ ሰው እየተናገረ አታቋርጥም፤ ቡናማ ጫማ ደግሞ ካላቋረጡት አይጨርስም። ሁለት ጊዜ ሐኪሞች ራሳቸው የምሳ ትሪ አስይዘዋታል፤ ነጩን ኮት ለብሳ! እሷም ይዛላቸው ሄደች። እኛ ቤት ይህ ጨዋነት ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ጉድለት ሆኖ ተጻፈ። ግራ ገባኝ።

«ለእኔ ተዉልኝ» አሉ ጋሽ ክንፉ።

እሁድ ፓርኪንጉ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን የሚታጠፍ ወንበር ወጣ። በሽተኛዋ አይናዲስ ሆኑ። እኔ የፎቁ ነርስ ተባልኩ። ጋሽ ክንፉ ራሳቸውን ቡናማ ጫማ አድርገው ሾሙ፤ ያደረጉት ጥቁር ነበር እንጂ።

«ግቢ!» አሉ። ሩሓማ ገባች። ገና ሳትገባ ለእናቷ ጎንበስ አለች።

«ተመለሺ! ማን አጎነበሰሽ?»

«ጋሼ፣ ሺ ኢዝ ማይ ማም!»

«እዚህ እናት የለም። ልቧ የደከመ ባለ አልጋ ሰባት ናት። እጅ ኪስ!»

ሩሓማ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች። ኪሷ በማስታወሻ ካርድ፣ በጉልበት መመርመሪያ መዶሻና በብስኩት ተሞልቷል፤ እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። ጋሽ ክንፉ ራሳቸው አራገፉላት።

«አሁን ነርሷ ገባች። ምን ታደርጊያለሽ?»

«እነሳለሁ?»

«ትቀመጫለሽ!»

አይናዲስ አልቻሉም፤ ከበሽተኛ ወንበራቸው ብድግ አሉ። «ክንፉ፣ አንተ ልጄን ባለጌ ልታደርጋት ነው እንዴ? ሰው ሲገባ ተነሺ ብዬ ያሳደግኳትን!»

«ቤትሽ ትነሳ። ሆስፒታል ትቀመጥ። ሚክያስ ተቀምጦ አይደል ዶክተር የሆነው?»

አይናዲስ ተመልሰው ተቀመጡ። እውነትም ሚክያስ ተቀምጦ ነው ዶክተር የሆነው።

የመጨረሻው ሕግ ለሚክያስ ያልተሰጠ ነበር። ጋሽ ክንፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሆስፒታል ውስጥ አታውቂኝም።»

«ዋት? ጋሼ፣ ኖ! ስኩል ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት!»

«ያኔ አደረስኩሽ። አሁን ከእኔ ጋር ከታየሽ ወደ እኔ ያወርዱሻል። ሚክያስን ማንም ከእኔ ጋር አያምታታውም፤ የኢንጂነር ልጅ መሆኑ ካንገቱ ያስታውቃል። አንቺን ግን ትሪ አስይዘውሻል። ባልፍሽ ሰላም አትበይኝ። ብወድቅ አታንሺኝ።»

ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። እኔም የዚያን ዕለት ብቻ አልሳቅኩም።

ሰኞ ሩሓማ አዲስ ሰው ሆና መጣች። ቀስ ብላ ተራመደች። እጇ ኪሷ ውስጥ። ሰው ሲገባ ተቀመጠች። «ሌትስ ሲ» አለችና ዝም አለች። ጋሽ ክንፉ ባዶ አልጋ እየገፉ ሲያልፉ ጣሪያውን አየች፤ እሳቸውም ወለሉን አዩ። ልክ እንደተባለው፣ አንድም ሳታጎድል አደረገችው።

ማክሰኞ ነርሷ ዙሌይካ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ነገር በሆዷ አይቆይም። «ውባየሁ፣ ያቺ ልጅ ምን ነካት? ጥጋብ ነው? ተቀምጣ ታየኛለች እኮ!»

«ሚክያስም እኮ ተቀምጦ ነው የሚያይሽ።»

«ሚክያስማ ዶክተር...» ብላ አፏን ያዘች። ሁለታችንም ተያየን። «ምን ነካኝ በአላህ? ሁለቱም ተማሪ ናቸው።» እያጉረመረመች ሄደች።

ረቡዕ ቡናማ ጫማ ሩሓማን ለብቻዋ ጠራት። ሰው እንዳይከፋ ትንሽ ለስለስ እንድትል፣ ፈገግ እንድትልም መከራት። ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እትዬ ውባየሁ፣ አይም ሶ ኮንፊውዝድ። ዱሮ ቱ ሶፍት ነሽ አለኝ። አሁን ቱ ሃርድ። ሚክያስ ሴም ቲንግ ነው የሚያደርገው። ሴም ኪስ!»

ምን ልበላት? ቤቴ ሄጄም አሰብኩት። አንድ ዓይነት እጅ፣ አንድ ዓይነት ኮት፣ አንድ ዓይነት ኪስ። እሱ ሲያደርገው እርጋታ፣ እሷ ስታደርገው ጥጋብ። ነገሩ ተምታታብኝ፤ አሁንም አልጠራልኝም።

ለጋሽ ክንፉ ነገርኳቸው። ካወቅኋቸው ጀምሮ እሳቸው ሰው ሲጠይቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሴት ሐኪሞቹ እንዴት ነው የሚራመዱት?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ አላሉም?»

«ሴት ሐኪም ግን የት አለ?»

በአገጬ አመለከትኳቸው። አንዲት አጠር ያለች ሽበታም ሴት ቻርት እያገላበጠች ነበር።

«ሲስተሯ?»

«ሲስተር አይደለችም። የልብ ሐኪም ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እርስዎ ከመቀጠርዎ በፊት ጀምሮ።»

ጋሽ ክንፉ በሚገፉት ባዶ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ውባየሁ፣ እኔኮ በየቀኑ "ጉድ ሞርኒንግ ሲስተር" ነበር የምላት። እሷም "ጉድ ሞርኒንግ" ትለኝ ነበር።» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። በጣም አፍረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምርምር ጀመሩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው አልጋ ገፉ፤ ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ጋር ተጋጩ። በሽተኞቹ አማረሩ። ከሁሉም ያማረሩት አቦይ ተኽኣ ናቸው። አቦይ ተኽኣ በልብ ድካም የተኙ የሰማንያ ዓመት ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ የድሮ ባለ ሱቅ ናቸው፤ ራጅ በሄዱ ቁጥር ጋሽ ክንፉን በአማርኛ እየሰደቡ ነው የሚሄዱት። «አንተ ነህ የምትነዳው ወይስ ጋሪው ነው የሚነዳህ? ማነው አልጋ የሰጠህ?» ጋሽ ክንፉ ደስ ይላቸዋል፤ ስድብ የሚችል በሽተኛ ይድናል ባይ ናቸው።

በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ የምርምሩን ውጤት ይዘው መጡ። «አንዷ ትጮሃለች፤ ኃይለኛ ይሏታል። አንዷ በቀስታ ታወራለች፤ አትሰማም ይሏታል። አንዷ ኩኪ ጋግራ ታመጣለች፤ ኩኪውን በልተው ፔጅ ስታደርጋቸው አይመልሱላትም። ያቺ የልብ ሐኪምማ፣ አንድ ቀን ስትሄድ አየኋት፣ በማግስቱ በሌላ ዓይነት ሄደች።» የማስታወሻ ወረቀታቸውን አጣጠፉ። «ውባየሁ፣ አረማመዱ የለም። ልጅቷን አጠፋኋት።»

«እንዴ፣ ጋሽ ክንፉ...»

«አጠፋኋት። የቀራት ደግሞ አንድ ሳምንት ነው።»

የመጨረሻው ሳምንት ሐሙስ መጣ። ቡናማ ጫማና ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ቡናማ ጫማ ይናገራል። ሚክያስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ሩሓማ እጇን የት እንደምታደርግ የቸገራት ትመስላለች፤ አንዴ ታስገባለች፣ አንዴ ታወጣለች። በዚያ መሃል ጋሽ ክንፉ አቦይ ተኽኣን እየገፉ ከክፍል ወጡና፣ ሐኪሞቹ አጠገብ ቆሙ። ጋሽ ክንፉ ሐኪም አጠገብ ቆመው አያውቁም፤ ማለፍ ነው ሥራቸው።

«ኤክስኪዩዝ ሚ» አሉ።

ቡናማ ጫማ ሳያያቸው አንድ ጣቱን አነሳ፤ ቆይ ማለቱ ነው።

«ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ዶክተር።»

ጣቱ አልወረደም። ጋሽ ክንፉ ሩሓማን አዩ፤ ወዲያው ሕጉ ትዝ አላቸውና ጣሪያውን አዩ። ሩሓማ ግን አይታቸዋለች። ክቡን ጥላ ወጣች።

«ጋሼ፣ ምን አዩ?»

«ዶክተር፣ እኔና እርስዎ አንተዋወቅም» አሉ በሹክሹክታ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች። የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ቁርጥ አይናዲስ። «ይናገሩ እንጂ!»

«አልሰደበኝም» አሉ ጋሽ ክንፉ፣ ወደ አልጋው እያመለከቱ። «ከክፍሉ እስከዚህ አንድም ስድብ የለም። አልጋውን ዝርግ ካደረግነው ጀምሮ ነው። አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ የለም።»

ሩሓማ የሽማግሌውን ከንፈር አየች። የአልጋውን ራስጌ በገዛ እጇ ከፍ አደረገች፣ ጀርባቸውን አዳመጠች። «ሂ ካንት ብሪዝ! ራጁ ይቅር!» ብላ ኦክስጅን ለማምጣት ሮጠች። በኮሪደሩ ሙሉ፣ ኮቷ እየተውለበለበ፣ ካርዶቿ እየተበተኑ ሮጠች። ዙሌይካም አብራት ሮጠች። ሚክያስ ወደ አልጋው ግርጌ መጥቶ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዳለ «ሌትስ ሲ» አለ። ቡናማ ጫማም ያኔ ጣቱን አወረደ።

ሳንባቸው ውኃ ሞልቶ ነበር። መድኃኒት ተሰጣቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አቦይ ተኽኣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ከአልጋው ግርጌ የቆሙትን ጋሽ ክንፉን አይተው፣ «ገና አላደረስከኝም እንዴ አንተ ደንባራ?» አሉ። ጋሽ ክንፉ «ሃሌሉያ!» ብለው እግራቸውን ያዟቸው።

በማግስቱ የመጨረሻው ወረቀት መጣ። ሩሓማ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ አነበበችልኝ። «ተሻሽላለች። አልፋለች። አንዳንዴ ግን ከሚገባው በላይ ትጣደፋለች።» ሚክያስም የራሱን አሳየን፦ «በጭንቅ ሰዓት የማይናወጥ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ። የሮጠችው ማን? የቆመው ማን? ለመሳደብ አፌን ስከፍት ሚክያስ ጆሮው ቀልቶ አየሁት።

«እትዬ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር» አለ። «ለዛ ነው ከኪሴ ያላወጣሁት። ለቡናማ... ለዶክተሩ ነገርኩት። ቀልደኛ ነህ አለኝ።»

ታዲያ ማንን ልቆጣ? ሩሓማ አለፈች። ልጄ የሆነች ያህል አቅፌ አለቀስኩ። ለምን እንዳለፈች፣ በየትኛው አረማመድ እንዳለፈች ግን ብትገድሉኝ አላውቅም።

ጋሽ ክንፉ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። አልሆነም። ማለፏን ስነግራቸው «ተመስገን» አሉና፣ «ግን ሰው ፊት ጋሼ አለችኝ። ሁሉም ሰምተዋል። ይሄ ነገር ይከተላታል» ብለው ሄዱ። ትምህርት ቤታቸውን ዘጉ። እሁድ ፓርኪንጉ ባዶ ሆነ፤ እኛም በመስኮት የምናየው አጣን። ሆስፒታል ውስጥ ተማሪዎች ካሉበት መተላለፊያ እየሸሹ በኋላኛው ሊፍት መሄድ ጀመሩ። ያ ሁሉ ምክራቸው፣ ያ «አሥራ አንድ ዓመት አይቻለሁ» ማለታቸው ናፈቀኝ። ናፈቀኝ ስላችሁ፣ ምሳ አልበላ አለኝ።

ሩሓማ ከሁለት ሳምንት ዕረፍት በኋላ የተመደበችው ቀዶ ሕክምና ነው። የመጀመሪያው ቀን ሰኞ፣ አዲሱ ቡድን በአዲስ አለቃ እየተመራ በአራተኛ ፎቅ በኩል መጣ፤ ሰባት ነጭ ኮት። የመጀመሪያ ቀን ማለት ሁሉም ሰው ማን ምን እንደሚመስል የሚወስንበት ቀን ነው። የኋላኛው ሊፍት ደግሞ ያን ዕለት ተበላሽቶ ነበር። ጋሽ ክንፉ ባዶ አልጋቸውን እየገፉ ብቅ አሉ፣ ኮቶቹን አዩ፣ መመለሻ አጡ። ወደ ግድግዳው ተጠጉና አንገታቸውን ደፉ።

ሩሓማ ቆመች። ቡድኑም ቆመ። ሌሎቹ ሁሉ እያዩ ወደ እሳቸው ሄዳ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ዊዝ ዩር ፐርሚሽን» አለች ወደ አለቃዋ ዞራ። «እኚህ ሰው አስተማሪዬ ናቸው። በሽተኛ እንዴት እንደሚታይ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።» ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ጋሽ ክንፉ ቀና አሉ። ከዚያ፣ ማን መጣ ብለው፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ። አስተማሪውን ፈለጉ። ግራ ተጋብተው በስተቀኝ አዩ፣ በስተግራ አዩ፣ ለሚመጣው ሰው መንገድ ሊለቁ አልጋውን ገፋ አደረጉ።

እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ስልኩ እየጠራ ነው፣ አላነሳሁትም።

«ጋሽ ክንፉ! እርስዎን እኮ ነው!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ፣ ፎቁ በሙሉ ዞሮ እስኪያየኝ።